ሃያ ሦስት ፍሬ፦ ስለ ሉተር በርባንክና ስለ እኛ ዘር
(ጎንደር ከተማ ውስጥ ለአርሶ አደሮች፣ ለግብርና ተማሪዎችና ለአበባ አልሚዎች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከወገራና ከደምቢያ ማልዳችሁ የመጣችሁ አርሶ አደሮች፣ የግብርና ተማሪዎች፣ በየግቢያችሁ አበባ የምታሳድጉ የከተማችን ሰዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

አዘጋጆቹ «ስለ ሙያህ ተናገር» ሲሉኝ ሁለት ቀን አሰብኩበት። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ወረንጦ ይዤ ገብስ ማሳ ውስጥ በማጎንበስ ነው፤ መሥሪያ ቤታችን «ብሪደር» የሚላቸው አዳቃዮች ባሉበት ሁሉ ስከተልና ስረዳ፣ በኋላም በራሴ ስመርጥ ኖሬአለሁ። ስለ ራሴ ብቻ ሳወራ ማርፈድ ግን አይሆንልኝም። ስለዚህ በዚህ ሙያ ስሙ ከብዙዎች በላይ የተጠራውን፣ ለእህልም ለፍራፍሬም ለአበባም ዕድሜውን የሰጠውን አሜሪካዊውን ሉተር በርባንክን ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ሦስት ነገር አነሣለሁ፤ አንደኛ ድንቹን፣ ሁለተኛ አበባውን፣ ሦስተኛ ጥፋቱን። በመካከሉ ወደ ራሴ ታሪክ ካፈነገጥኩ ታገሡኝ፤ ሽማግሌ መንገድ ላይ ማረፍ ይወዳል። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ ልናገር።

በርባንክ የተወለደው በ1849 በማሳቹሴትስ ግዛት ላንካስተር በምትባል ቦታ፣ ብዙ ልጆች ካሉት የገበሬ ቤተሰብ ነው። ከፍተኛ ትምህርት አልተማረም። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፣ ላቦራቶሪ አልነበረውም። የነበረው የእናቱ የአትክልት ቦታ፣ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ያገኘው ዳርዊን ስለ ቤት እንስሳትና ስለ ሰብሎች መለያየት የጻፈው መጽሐፍ፣ በኋላም ከአባቱ ውርስ በደረሰው ገንዘብ የገዛው 17 ኤከር፣ ማለትም ወደ ሰባት ሄክታር የሚጠጋ መሬት ነበር።

አሁን ወደ ድንቹ ልግባ። ከዳባትና ከደባርቅ የመጣችሁ ወንድሞች፣ እስኪ ልጠይቃችሁ፤ ድንች አበባውን ካረገፈ በኋላ አልፎ አልፎ እንደ ትንሽ ቲማቲም ያለ አረንጓዴ ፍሬ ከግንዱ ጫፍ ሲያንጠለጥል አይታችሁ አታውቁም? እጃችሁን አንሡ እስኪ። አያችሁ፣ ብዙ ነን። ያን ፍሬ ምን እናደርገዋለን? ምንም። ይመርራል፣ መርዛም ስለሆነ አይበላም፤ እረኞች ይወራወሩበታል፣ የቀረው ከግንዱ ጋር ይደርቃል። ምሥጢሩ ግን እዚያ ውስጥ ነው። ከመሬት ቆፍረን የምናወጣውን ድንች ቆርጠን ስንተክል የምናገኘው ያንኑ የዓምናውን ድንች ነው፤ አንድ ተክል ራሱን ይደግማል እንጂ አይለወጥም። በዚያ አረንጓዴ ፍሬ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ዘሮች ግን እያንዳንዳቸው የተለያዩ ናቸው፤ የአንድ እናት ልጆች በመልክ እንደሚለያዩ ይለያያሉ።

በርባንክ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ፍሬ በማፍራት የማይታወቅ «ኧርሊ ሮዝ» የሚባል ድንች በተተከለበት መደብ አንዲት ፍሬ አንጠልጥሎ አየ። እስክትበስል በየቀኑ እየሄደ ይጠብቃት ጀመር። አንድ ቀን ቢሄድ የለችም። ወፍ ትውሰዳት ውሻ ይምታት አላወቀም፤ ግን አልተወም፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት በተደጋጋሚ እየተመለሰ መሬቱን በእጁ ሲዳብስ ቆይቶ ወድቃ አገኛት። ሰብሮ ሲቆጥር 23 ዘር ነበረባት። ሃያ ሦስት! ሁሉንም ተከላቸው፣ ሁሉም በቀሉ። አንዱ ዓይነ ጎድጓዳ፣ አንዱ ደቃቃ፣ አንዱ ጠማማ። ከሁሉ የተሻለው ረዘም ያለ፣ ለስላሳ፣ ነጭና ምርታማ ነበር። እርሱን አስቀርቶ ሌላውን ጣለ።

ያ ድንች የበርባንክ ድንች ተባለ። የዘሩን መብት ለአንድ የዘር ነጋዴ በ150 ዶላር ሸጠ፤ የጠየቀው 500 ነበር። ነጋዴው ለራሱ አሥር ድንች ብቻ ይዞ እንዲሄድ ፈቀደለት፤ እርሱም ያችን አሥር ድንች ይዞ በ1875 ወደ ካሊፎርኒያ ተጓዘና ሳንታ ሮዛ በምትባል ከተማ ኑሮውን መሠረተ። በኋላ ከዚሁ ድንች ቆዳው ሻካራና ቡናማ የሆነ ዓይነት በተፈጥሮ ለውጥ ተገኘ፤ ራሰት በርባንክ ይባላል፤ እስከ ዛሬ በአሜሪካ ለቺፕስ ከሚውሉት ድንቾች ዋነኛው እርሱ ነው። ወደ እኛ አገር ድንችን ያመጣው ጀርመናዊው የዕጽዋት አጥኚ ሺምፐር እንደሆነ፣ ያመጣውም በ1858 እንደሆነ ይነገራል፤ ይህ ማለት በርባንክ ያችን ፍሬ ሲፈልግ ድንች በእኛ ደጋም ላይ ነበረ ማለት ነው። ስንት አረንጓዴ ፍሬ አንጠልጥሎልን ይሆን?

እዚህ ላይ ወደ ራሴ ልውጣ። በርባንክ የጠፋችበትን ፍሬ አገኘ። የእኔ የጠፋችው ግን አልተገኘችም፤ ተበላች።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ጠመዥ፣ ማለትም ያ ሳይሸከሸክ ከገለባው የሚላቀቀው ገብስ፣ ከሌላ ገብስ ጋር ተዳቅሎ ከተገኘው ትውልድ ውስጥ አሥራ አንድ ዛላ መርጬ ነበር። የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘው ሰው ስላልነበረ ዛላዎቹን ፈልፍዬ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ በተከራየሁት ቤት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የቤት አከራዬ ቡና አፍልተው ጠሩኝ። ቆሎ ቀረበ። አንድ እፍኝ የማትሞላ፣ ፍሬዋ ግን ደልደል ያለች ቆሎ ናት። ዘግኜ ቃምኩ፤ «እትዬ፣ ይቺ ቆሎ ጣፍጣለች» ብዬ አመሰገንኩ፤ ደግሜም ዘገንኩ። ሦስተኛውን ልዘግን ስል ነው ጋዜጣው ከምድጃው አጠገብ ተጨማድዶ ያየሁት።

ምን ልበላችሁ፣ አፌ ውስጥ ያለውን ልዋጠው ልትፋው አላወቅኩም። «እትዬ፣ ይኸ እኮ ዘር ነው!» አልኩ። እርሳቸውም ሳይደነግጡ «ልጄ፣ ዘር መሆኑን በምን ልወቅ? ዘር በጋዜጣ ይጠቀለላል?» አሉኝ። ብድግ ብለውም ከምድጃው በላይ፣ ጢሱ ከሚያልፍበት ወራጅ ላይ፣ ጥላሸት የለበሰ ቅል አወረዱ። አፉ በጨርቅ ተወትፎ በእበት ተመርጓል። ፈንቅለው አሳዩኝ፤ ከአመድ ጋር የተቀላቀለ የጎመን ዘር ነበረበት፣ አንዲት ነቀዝ አልነካችውም። «ዘር እዚህ ነው የሚያድር» አሉኝ። እኔ ያን ዕለት የተማርኩትን በየትኛውም ሥልጠና ላይ አልተማርኩትም።

ሁለተኛው ነጥብ አበባው ነው። ብዙ ሰው «አበባ አይበላም፣ ምን ይሠራል?» ይላል፤ እኔ ራሴ ወጣት ሳለሁ ብዬዋለሁ። በርባንክ ግን ከድንቹ ይልቅ ለአንዲት ነጭ አበባ የደከመው ድካም ያስገርመኛል። በተወለደበት አገር በየመንገዱ ዳር የምትበቅል፣ ገበሬው እንደ አረም የሚነቅላት ዴዚ የምትባል አበባ ነበረች። እርሱ ይህችን አረም ይበልጥ ትልቅ፣ ይበልጥ ነጭ፣ ግንዷ ጠንካራ እንድትሆን ፈለገ። መጀመሪያ ከእንግሊዝ ዘመዷ ጋር አዳቀላት፤ ከዚያ ከፖርቱጋል ዝርያ ጋር፤ ትልቅነት አገኘ፣ ንጣቱ ግን አላረካውም። በመጨረሻ አበባዋ ትንሽ ሆኖ ንጣቷ ግን ወደር የሌለው የጃፓን ዝርያ አስገባ። አሥራ ሰባት ዓመት ያህል ፈጀበት። በ1901 ያወጣትን አበባ በካሊፎርኒያ በረዶ በሚለብሰው ተራራ ስም ሻስታ ዴዚ አላት፤ እኛም ብንሆን በራስ ዳሸን ስም ሳንጠራት አንቀርም ነበር።

ወገኖቼ፣ ማዳቀል ማለት ምን እንደሆነ በቅርብ ያላያችሁ ትኖራላችሁና በገብስ ላሳያችሁ። ዛላው ከቅጠሉ ሽፋን ሊወጣ ሲል፣ ማለዳ ላይ ትሄዳላችሁ። እያንዳንዷን የገብስ አበባ በወረንጦ ጫፍ ከፈት አድርጋችሁ በውስጧ ያሉትን ሦስት ወንዴዎች ሳይበጠሱ ትለቅማላችሁ። ቀለማቸው ገና አረንጓዴ መሆን አለበት፤ ቢጫ ከሆኑ ዘግይታችኋል፣ ራሷን አዳቅላለች፣ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። ከለቀማችሁ በኋላ ነፋስ የሌላ ማሳ ብናኝ እንዳያመጣባት ዛላውን በወረቀት ከረጢት ታለብሱታላችሁ። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ላባ የመሰለችው ሴቴዋ ስትዘረጋ፣ ከመረጣችሁት አባት ላይ የበሰለ ወንዴ አምጥታችሁ በላይዋ ታራግፉላታላችሁ፤ ቢጫ ዱቄት ነው፣ በማስነጠስ ይጠፋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው አጎንብሳችሁ፣ ወገባችሁ እየተንቋቋ ነው። ጤፍ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። አበባው ከዓይን ያመልጣል፤ የሚከፈተውም ማለዳ ለጥቂት ጊዜ ነው። ጤፍን በእጅ ማዳቀል የተቻለው በ1970ዎቹ ዶክተር ታረቀ በርሄ ደብረ ዘይት ላይ የአበባውን የመከፈቻ ሰዓት ካወቁ በኋላ ነው። ዛሬ ብዙዎቻችሁ የምትዘሩት ቁንጮ ጤፍ በ2006 የተለቀቀ የዚያ መንገድ ልጅ ነው።

እንዲህ ብሎ ያዳቀለ ሰው ግን ገና ምንም አልሠራም። ማዳቀል አንድ ቀን ነው፤ መጣል ግን አሥር ዓመት ነው። ደግሜ ልበለው፤ መጣል አሥር ዓመት ነው! የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ይበቅልና ያዘናጋችኋል። ሁለተኛው ትውልድ ግን የቅዳሜ ገበያ ሕዝብ ነው፤ ረጅሙም አጭሩም፣ ጥቁሩም ነጩም፣ ጤነኛውም በሽተኛውም ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ከብዙ ሺህ ጥቂቶችን አስቀርቶ የቀረውን መንቀል ነው። በርባንክ በዚህ ጨካኝ ነበር። በካሊፎርኒያ ሴባስቶፖል በምትባል ከተማ አጠገብ በነበረው የሙከራ እርሻው ችግኞችን በአሥር ሺዎች ያበቅል ነበር፤ በተክሎቹ መካከል ቶሎ ቶሎ እየተራመደ በዓይኑ ብቻ ይመርጣል፣ የተመረጡት ይታሰራሉ፣ የቀሩት ተቆልለው ይቃጠላሉ። ጎረቤት ያን እሳት ሲያይ ሰውየው አብዷል ማለቱ አይቀርም። እኛ ጋ ደግሞ ለመጣል እጅ ያጥራል። ተማሪዎች «እንዴት ይጣላል፣ አፍርቷል እኮ!» ይሉኛል። አፍርቷል፤ ግን የሚጣል ነው። ለሁሉ ማዘን ለአንዱም አለመሆን ነው።

ሰውየው ሠራተኛም ብልኅም እንደነበር አንዲት ታሪክ ልጨምርና ልለፍ። በ1881 አንድ ባለሀብት 20 ሺህ የፕሪም ችግኝ በአንድ ወቅት ውስጥ እንዲያደርስለት ጠየቀው። የፕሪም ችግኝ በዚያ ጊዜ አይደርስም። በርባንክ ግን ቶሎ የሚበቅለውን አልሞንድ ዘራ፣ ሲቆም ቅርፊቱን ሰንጥቆ የፕሪም እንቡጥ ሰካበት፣ አሰረው። ያዘ። ችግኞቹን አደረሰ፤ ስሙም የዚያኑ ጊዜ በአካባቢው ወጣ።

በከተማ አበባ ለምታሳድጉ ደግሞ አንድ ነገር ልናገር። በየአጥሩ የምናየው ቀጋ፣ ልጆች ፍሬውን የሚለቅሙት እሾሃማው ቁጥቋጦ፣ የዱር ጽጌረዳ መሆኑን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ አገር በቀል ጽጌረዳ እርሱ ብቻ እንደሆነ የዕጽዋት ሊቃውንት ይናገራሉ። እኛ ከሱቅ የፈረንጅ ጽጌረዳ እንገዛለን፤ ቀጋውን ለአጥር እንቆርጠዋለን። በርባንክ አረም አንሥቶ አሥራ ሰባት ዓመት እንደታገለ አስቡና ወደ አጥራችሁ ተመልከቱ።

ሦስተኛው ጥፋቱ ነው። ሰውን አወድሶ ጥፋቱን መደበቅ በእኛ በሽማግሌዎች ዘንድ ጨዋነት ይመስላል፤ ለተማሪ ግን ጉዳት ነው።

የበርባንክ ጥፋት መዝገብ አለመያዙ ነው። ከ800 በላይ አዳዲስ ዝርያዎችን አውጥቷል ይባላል፤ የብዙዎቹ እናትና አባት ማን እንደሆኑ ግን በውል አይታወቅም። ጭንቅላቱ ውስጥ ነበሩ። ከ1905 ጀምሮ ለምርምር ገንዘብ የሚሰጠው የካርኔጊ ተቋም በዓመት 10 ሺህ ዶላር እየሰጠው፣ ሥራውንም እየተከታተለ የሚጽፍ ጆርጅ ሸል የተባለ ወጣት ሳይንቲስት ላከለት። ሸል ማስታወሻ ቢፈልግ የሚያገኘው ቁርጥራጭ ወረቀት ነበር፤ ቢጠይቅ ሰውየው ሥራ ይበዛበታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተቋሙ ገንዘቡን አቋረጠ። መነኩሴው ሜንደል የአተር ባሕርይ ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚወረስ እየቆጠረ ጽፎ በ1866 ያሳተመው፣ በ1900 እንደገና የተገኘው ሕግ የዓለም ሳይንስ መመሪያ ሲሆን፣ በርባንክ በዓይኑ ብቻ እንደተመራ ቀረ። ዓይኑ ከእርሱ ጋር በ1926 ተቀበረ፤ ሳንታ ሮዛ ከቤቱ አጠገብ፣ ራሱ ከተከለው የሊባኖስ ዝግባ ሥር።

ሌላው ጥፋቱ እሾህ የሌለው ቁልቋል ነው። በረሃን የከብት መኖ አደርጋለሁ ብሎ፣ እሾህ እጁን እየወጋው ለዓመታት ደክሞ፣ እሾህ አልባ ቁልቋል አወጣ። ነጋዴዎች ተረባረቡበት፣ ጋዜጦች አገነኑት። በረሃ ላይ ሲተከል ግን ውኃ ፈለገ፣ ብርድ ጎዳው፣ እሾህ ስለሌለውም ያገኘው እንስሳ ሁሉ ገና በቡቃያው ጨረሰው። ከዘር የበቀለውም እሾሁን ይዞ ይመለስ ነበር። አባቶቻችን «ዘር ከልጓም ይስባል» ያሉት ለሰው ነው፤ ለቁልቋልም ይሠራል።

በእርሱ ላይ ስፈርድ ግን የራሴ እጅ ንጹሕ አይደለም። አንድ ክረምት ያዳቀልኳቸውን ገብሶች መለያ በእስክሪብቶ ጻፍኩ። አለቃዬ እርሳስ ተጠቀም ብሎኝ ነበር፤ እርሳስ የልጅ መስሎ ታየኝ። ሐምሌ ሲገባ የወገራን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ በነሐሴ መጨረሻ ከረጢቶቹን ስፈታ መለያው ሁሉ ሰማያዊ ውኃ ሆኗል። ዛላዎቹ አሉ፣ ፍሬው አለ፣ አባቱ ማን እንደሆነ የሚናገር የለም። የአንድ ክረምት የወገብ ሕመም ከከብት መኖ ጋር ተቀላቀለ።

ይህን ሁሉ የምላችሁ ለምን ይመስላችኋል? የእኛ ነገር የበርባንክን ስለሚመስል ነው። ጠመዥን የመረጠው ማን ነው? ጥቁሩን ገብስ ከነጩ ለይቶ ያቆየው፣ የደምቢያን ረግረግ የሚችለውን ሽንብራ የለየው ማን ነው? ስማቸው የለም። አዝመራው ከመታጨዱ በፊት ማሳው ውስጥ ገብታ ደህና ደህናውን ዛላ ለዘር የምትለቅም እናት አዳቃይ ናት፣ ያውም ዓይነኛ፤ መዝገብ ግን የላትም። ሥራዋ ግን ከእርሷ አጥር አልፎ ሄዷል። በ1950ዎቹ በዚያው በበርባንክ አገር፣ በካሊፎርኒያ፣ ክሽክሽ በሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት የሚተላለፍ ገብስን የሚያቀጭጭ ቫይረስ ማሳዎችን ሲያጠፋ፣ መቋቋሚያው የተገኘው ከኢትዮጵያ በሄደ ገብስ ውስጥ ነው። እዚያ ለዘረመሉ ስም ወጣለት፣ በመጽሐፍ ገባ። ያን ገብስ ከጎረቤቱ ለይታ ያቆየችው ሴት በየትኛው ቀበሌ እንደኖረች የጻፈ የለም።

ሩሲያዊው የዕጽዋት ሊቅ ቫቪሎቭ በ1927 በአገራችን ተዘዋውሮ ዘር ሲሰበስብ የገብሳችንንና የስንዴያችንን ብዛት አይቶ ተደንቋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ የሌኒንግራድ ከተማ በጠላት በተከበበችበት ጊዜ እርሱ ያሰባሰበውን ዘር ሲጠብቁ የነበሩ ባልደረቦቹ፣ በሩዝና በስንዴ ከረጢት መካከል ተቀምጠው፣ አንድ ፍሬ ሳይቀምሱ በረሃብ ሞቱ። ያችን ቆሎ ባስታወስኩ ቁጥር እነርሱ ትዝ ይሉኛል፤ አፍራለሁ። በእኛም አገር በ1976 የዘር ማቆያ ማዕከል ተቋቁሟል፤ ያን ማዕከል ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘሩ በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ ጭምር እየተዘራ ይጠበቅ ብለው በመሥራታቸው በ1989 በዓለም ደረጃ ተሸልመዋል። ማቀዝቀዣው ግን ዘሩን እንጂ ታሪኩን አያውቅም። ለቂጣ ነው ለጠላ? ውርጭ ይችላል? ከየትኛው ተረተር መጣ? ይህን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ዛሬ ዘር ይዛችሁ እንድትመጡ ተለምናችሁ ነበር፤ ብዙዎቻችሁ በቅልም በፌስታልም ይዛችሁ መምጣታችሁን ስገባ አይቻለሁ። በሩ አጠገብ ጠረጴዛ አለ። ተማሪዎቹ ይጽፋሉ፤ እናንተ የዘሩን ስም፣ የቀበሌያችሁን ስም፣ ከማን እንዳገኛችሁት፣ ለእርሷም ማን እንደሰጣት ንገሯቸው። የመራጯ ስም ከታወቀ መጀመሪያ እርሱ ይጻፍ። ግማሹን ዘር ወደ ቤታችሁ መልሱት፣ ከምድጃው በላይ ይሰቀል። ተማሪዎች፣ እርሳሱ ተቀርጾ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ እስክሪብቶ ያላችሁ በኪሳችሁ አቆዩት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።